«ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም እያለ ነው፣ እንዲህ የሚሆነው የኔ ልጅ ብቻ ነው?»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦ «በኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ ተነስተን አቃቂ ቃሊቲ ጫፍ አዲስ ሰፈር ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ የመንግስት ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል። ስሙን ትተው ‹ኮሪደር› ነው የሚሉት። ዋናዎቹ ሦስት ልጆች ናቸው፣ ከምገባ ሰልፍ ገፍትረው ያስወጡታል፣ ቦርሳውን ይወረውሩበታል፣ ሌላው ይስቃል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዴን ይላል። ዩኒት ሊደሩን ሳናግራቸው ‹የልጅ ጨዋታ ነው፣ ሁሉም ጋ ያለ ነው፣ ይለምደዋል› አሉኝ። አባቱ ደግሞ መልሰህ ምታ ይለዋል። እውነት ሁሉም ጋ ያለ ነው? ትምህርት ቤት ልቀይርለት?»

ከቁጥሩ ልጀምር። አይ፣ ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ከ144 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አንድ ላይ አድርጎ ባወጣው ሪፖርት ከሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ፣ 32 በመቶ ማለት ነው፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን በትምህርት ቤት እኩዮቹ ተጠቅቷል። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ለብቻው ሲታይ 48.2 በመቶ ነው፣ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። አውሮፓ ደግሞ 25 በመቶ፣ ስለዚህ ያደገ አገር ውስጥ የለም የሚባለውም ውሸት ነው። እስቲ በኛ ክፍል አስቢው፣ 60 ልጅ ታጭቆ የሚማርበት ክፍል ውስጥ በዛ አማካይ ከሄድን 28፣ 29 ልጅ በወር ውስጥ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ዩኒት ሊደሩም ሆኑ ብዙ ወላጅ ይሄን ሲሰሙ «በቃ ሁሉም ጋ ካለ ምን ችግር አለው፣ እኛም እንደዛ ነው ያደግነው» ይላሉ። ወባም ቆላ አገር ሁሉም ቤት አለ እኮ፣ ስለበዛ ግን ጤና ነው የሚል አላየሁም። ደግሞ እዛ 32 በመቶ ውስጥ አንድ ቀን ተሰድቦ የተበሳጨ ልጅም፣ በየቀኑ የሚገፈተር ልጅም እኩል ተቆጥረዋል። እዛው ሪፖርት ላይ በወር ውስጥ 6 ቀንና ከዛ በላይ የደረሰባቸው ሲለዩ 7.3 በመቶ ናቸው፣ ከ60 ልጅ 4 ልጅ ገደማ። ካወራሽኝ ነገር ልጅሽ ከነዚህ 4 ልጆች ነው እንጂ ከብዙሃኑ አይደለም። በተደጋጋሚ የሚጠቁት ልጆች ካልተጠቁት ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባይተዋር ነኝ የማለታቸው ነገር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፣ ከትምህርት መቅረታቸው ደግሞ ከእጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ከዩኒት ሊደሩ ጋር «የተለመደ ነው አይደለም» የሚል ክርክር ውስጥ አትግቢ፣ በሳምንት ስንት ቀን የሚለውን ይዘሽ ግቢ።

«የልጅ ጨዋታ ነው» የሚለውስ? ይሄን ነገር በጥናት ደረጃ ያስጀመረው ኖርዌይ ውስጥ ይሰራ የነበረው ስዊድናዊው የስነ ልቦና ሰው ዳን ኦልቬውስ ጥቃት ነው ለማለት ሦስት ነገር ይፈልጋል፣ ሆን ተብሎ መሆኑ፣ መደጋገሙ፣ እና የጉልበት አለመመጣጠን። ጉልበት ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ለአንድ መሆን ጉልበት ነው፣ ሰፈሩን ቀድሞ ማወቅ ጉልበት ነው፣ ታላቅ ወንድም እዛው ግቢ 8ኛ ክፍል መኖሩ ጉልበት ነው። እኔ ግን ወላጅ ሲጠይቀኝ ቀለል አድርጌ ነው የምነግረው፣ ጨዋታ ከሆነ ተራ ይቀያየራል፣ ዛሬ እሱ ይፎገራል ነገ እሱ ይፎግራል፣ አንዱ ሲከፋው ደግሞ ይቆማል። ተራው ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ ላይ ከቆመ ጨዋታ አይደለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፣ መጀመሪያ ላይ ልጅሽም አብሮ ስቆ ሊሆን ይችላል፣ መምህሯም የምታስታውሰው ያንን ሳቁን ነው።

ሌላ ነገር፣ በአማርኛ ለዚህ ነገር የተስማማንበት አንድ ቃል የለንም፣ እሱም ራሱ ችግር ፈጥሯል። ትምህርት ቤት ሄደሽ «ጉልበተኝነት አለ ወይ» ብለሽ ብትጠይቂ ልጆቹ ጡንቻና ቡጢ ስለሚታያቸው የለም ይሉሻል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን እንደዛ እየጠየቅኩ ስንት ጊዜ ባዶ ወረቀት ሰብስቤአለሁ። ሙድ ይዘውብህ ያውቃሉ፣ ዘግተውህ ያውቃሉ፣ እቃህን ወስደው አስለምነውህ ያውቃሉ፣ ስምህን ትተው በሌላ ይጠሩሃል ስትያቸው ግን እጁ ሁሉ ይወጣል። ጥናቶቹም ለዚህ ነው «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ስንት ቀን» ብለው በቀን ቆጥረው የሚጠይቁት። ልጅሽንም «ማን መታህ» ብለሽ አትጀምሪ፣ «ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ነበርክ፣ ምሳ ስትሰለፉ ከኋላህ ማን ነበር» በይው፣ ወሬው ራሱ ያወጣዋል። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ዱላ ስላላያችሁ የለም አትበሉ፣ ሴቶቹ ላይ የሚበዛው ማግለልና ሀሜት ነው፣ አንዳንዴ «ማንም እንዳያናግራት» ተብሎ ትዕዛዝ ይተላለፋል፣ እሱ ምልክት አይተውም ግን ከቡጢ አይሻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከስራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ጉዳይ ቦታና ሰዓት አለው። ልጆች የትምህርት ቤቱን ግቢ በእርሳስ እንዲስሉ አደርግና ለብቻችሁ መሄድ የማትወዱበት ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጉ እላቸዋለሁ፣ ስማቸውን አይጽፉም። ነጥቡ የትም አይበተንም፣ ሽንት ቤት ጀርባ፣ ውሃ ቧንቧው ጋ፣ የምገባ ሰልፍ ጫፍ፣ ፈረቃ ሲለዋወጥ በሩ ላይ፣ እና አንዱ መምህር ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው 5 ደቂቃ ኋላ ወንበር አካባቢ። አዋቂ የሌለበት ቦታና ሰዓት ነው በቃ። ጫፍ ሰፈሮች ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል፣ መንገዱ። ያላለቀ ፎቅ፣ ባዶ ሜዳ፣ የተቆፈረ ቦይ፣ እና ልጁን የሚያደርስ ሰው የለም ምክንያቱም ወላጁ ሰፈሩን ቢለቅም ስራው እዛው መሃል ከተማ ነው የቀረው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ አውቶቢስ ሊሰለፍ ይሄዳል ማታ ደክሞት ይገባል፣ ልጁ የሆነውን ለማን ያውራ?

ይሄ ለምን ይጠቅማል፣ የሦስቱን ልጆች ጸባይ ለመቀየር ወራት ይፈጃል፣ አንድ መምህር የምገባ ሰልፉ ጫፍ ላይ ማቆም ግን ነገ ይቻላል። የኔ ግምት ብቻ አይደለም፣ ፋሪንግተንና ቶፊ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2009 በተለያየ አገር ትምህርት ቤቶች የተሞከሩ 44 የጥቃት መከላከያ ፕሮግራሞችን ገምግመው ድርጊቱ በአማካይ ከ20 እስከ 23 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝተዋል፣ ከውጤቱ ጋር ከተያያዙት ነገሮች መሃል በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ የሚደረግ ጠንከር ያለ ቁጥጥርና የወላጆች ስብሰባ ይገኙበታል። ሃያ በመቶ ብቻ? አዎ። ተአምር አይደለም፣ ማንም መጥቶ ከትምህርት ቤቱ ጠራርጌ አጠፋዋለሁ ቢልሽ አትመኚው።

ሌላው «ሌላው ይስቃል» ያልሽው ነገር ነው፣ እሱን ቀላል አድርገሽ እንዳታዪው። ካናዳ ውስጥ የትምህርት ቤት ሜዳ በቪዲዮ ቀርጸው ያጠኑ ሰዎች ጥቃት ሲፈጸም እኩዮች ያሉበት ከ10 ጊዜ ወደ 9 ጊዜ ገደማ መሆኑን አይተዋል፣ ጣልቃ የሚገባው ልጅ ትንሽ ነው፣ ግን ሲገባ ከግማሽ በላዩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል። አስር ሰከንድ! ሦስቱ ልጆች ለልጅሽ ብለው አይደለም ቦርሳ የሚወረውሩት፣ ለሚስቀው ነው። ስለዚህ ልጅሽ የሚያስፈልገው 20 ጓደኛ አይደለም፣ አንድ «ኧረ ተው» የሚል ልጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደሱ ከመሃል ከተማ የመጣ፣ ወይም ጎረቤት የሆነ ልጅ ካለ ቅዳሜ ቤት ጥሪው፣ ኳስ ይጫወቱ ምሳ ይብሉ፣ ሰኞ አብረው ይሂዱ። ቀላል ይመስላል ግን ካየሁት ሁሉ ቶሎ የሚሰራው ይሄ ነው።

ለምን እሱ ላይ ሆነ ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ፣ እናቶች ሁሉ ምን አጠፋን ነው የሚሉት። ምንም። ተጠቂዎቹ ራሳቸው ምክንያቱን ሲጠየቁ በብዛት የሚጠቅሱት መልክን ነው፣ ውፍረት ቅጥነት ቁመት መነጽር ምናምን፣ ከዛ ዘርና የመጡበት ቦታ ይከተላል። ያንቺ ልጅ ጥፋቱ አዲስ መሆኑ ነው፣ የሚከላከልለት ሰው ሁሉ የድሮ ሰፈር ቀርቷል። ጫፍ ያሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ልጅ አለ፣ አያቱ እዛው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ወይ የተከራዩ ሰዎች ልጅ፣ እና እንደናንተ በልማት ተነስቶ የመጣ። እያንዳንዱ ቤት ማታ ራት ላይ ስለሌላው አንድ ነገር ይባላል፣ «እነሱ ከመጡ ወዲህ ውሃ ጠፋ፣ ታክሲ ጠፋ» ይባላል፣ ልጁ ጠዋት ይዞት ይመጣል። «ኮሪደር» የሚለውን ስም የ11 ዓመት ልጅ ለብቻው አልፈለሰፈውም። እናንተም ቤት ስለነሱ የሚባለውን ብትጠነቀቁ አይከፋም።

አባቱን በተመለከተ፣ ልጁ እንዲዋረድበት ስለማይፈልግ ነው እንደዛ የሚለው፣ ገባኝ። ግን አንድ ለሦስት ነው እኮ። ቢመታ ሦስት ሆነው መንገድ ላይ ይጠብቁታል፣ ካሸነፈ ደግሞ ዩኒት ሊደሩ ጋ የሚቀርበው እሱ ነው፣ እስከዛሬ የሆነው ሁሉ ይረሳና «ሁለቱም ተደባዳቢ ናቸው» ይባላል። ከሁሉ የባሰው ግን ልጁ መምታት ካልቻለ ነው፣ ያኔ ከትምህርት ቤቱ ውርደት ላይ አባቱን ማሳፈሩ ይጨመርበታል፣ ቤትም ማውራት ያቆማል። መልሰህ ምታ ከሚለው ይልቅ ጮክ ብለህ «ተወኝ» በል፣ አትከራከር፣ ሰው ወዳለበት ሂድ፣ የዛኑ ቀን ንገረኝ ይበለው። ለአባቱ ደግሞ ሌላ ስራ አለው፣ ለሁለት ሳምንት ጠዋት ማድረስ ከቻለ ያድርሰው፣ ካልቻለ የሚያደርስ ሰው ይፈልግ።

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሁለት ስህተቶች አሉ፣ አስቀድመሽ እወቂያቸው። አንደኛው እርቅ ነው። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ አራቱንም ጠርተው «ተቃቀፉ፣ ይቅር ተባባሉ፣ ወንድማማቾች ናችሁ» ይሏቸዋል፣ ልጅሽ እያለቀሰ ሦስቱን ያቅፋል፣ ከበሩ ሲወጡ «ነገርክ አይደል» ይሉታል። እርቅ ባህላችን ነው፣ የምንወደው ነገር ነው፣ ግን እኩል ለተጣሉ ሰዎች ነው። እዚህ የተጣላ የለም፣ የሚያጠቃና የሚጠቃ ነው ያለው። ከላይ ያልኩሽ ግምገማም ልጆችን በልጆች ሽምግልና ማስታረቅ የመሳሰለው ነገር ጥቃቱን ከመቀነስ ይልቅ ከመጨመር ጋር ተያይዞ ነው ያገኘው። ሁለተኛው ዱላ ነው፣ ሦስቱን አንበርክኮ በጎማ መግረፍ። በመጀመሪያ ክልክል ነው፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ህጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንደሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ሲቀጥል አይሰራም፣ ጉልበት ያለው ጉልበት የሌለውን ይመታል የሚለውን ነው የሚያስተምራቸው፣ የተገረፉበትን ደግሞ መንገድ ላይ ከልጅሽ ነው የሚያወራርዱት። ከነዛ ሦስት ልጆች አንዱ ቤቱ በየቀኑ የሚመታ ቢሆን አይገርመኝም፣ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ደብተር አውጪና ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ጻፊ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን፣ ምን አደረገ፣ ማን አየ። ስድብ አትጨምሪ፣ አስተያየት አትጨምሪ። ግን ይሄ ማለት ሁለት ሳምንት ዝም ብለሽ ጠብቂ ማለት አይደለም፣ መጀመሪያ የክፍል ኃላፊ መምህሯን ነገውኑ አግኚያት፣ ወደ ዩኒት ሊደሩ ከመመለስሽ በፊት፣ ምክንያቱም 5ኛ ክፍልን በየቀኑ የምታያት እሷ ናት፣ 60 ልጅ ይዛ እንደምትደክም እያወቅሽ በትህትና አናግሪያት። «ልጆቹን ቅጡልኝ» አትበይ፣ ሦስት የተቆረጠ ነገር ጠይቂ፣ የምገባ ሰልፍ ላይ አዋቂ ሰው ይቁም፣ ልጄ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ ማንም ሰው በስሙ ብቻ ይጠራ፣ ይሄ የመጨረሻው ለሁሉም ተማሪ የሚነገር ይሁን እንጂ የሱን ስም እየጠሩ አይሁን። በሁለት ሳምንት ካልተለወጠ ደብተርሽን ይዘሽ ርዕሰ መምህሩ ጋ ግቢ፣ በጽሁፍ አስገቢ፣ ቅጂውን አስፈርመሽ ያዢ። እዛም ካልሆነ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) አለ፣ ለስሙ ብቻ የተቋቋመ ይመስላል ግን አባላቱ ወላጆች ናቸው፣ አንዷን እናት ካገኘሽ ሌሎች 5 እናቶች ተመሳሳይ ነገር እንዳላቸው ታገኛለሽ። ከዛ ቀጥሎ የወረዳው ትምህርት ጽህፈት ቤት ነው። የሦስቱን ልጆች ወላጆች ግን ራስሽ ሄደሽ በር ላይ እንዳታናግሪያቸው፣ ትምህርት ቤቱ ይጥራቸው፣ የሰፈር ጸብ ሆኖ ሲያልቅ ብዙ አይቻለሁ።

ትምህርት ቤት መቀየሩን አሁን አታድርጊው። ዓመቱ መሃል ላይ መሸኛ አውጥቶ መሄድ ማለት እንደገና አዲስ ልጅ መሆን ማለት ነው፣ አዲስ መሆኑ አይደል እንዴ ያስጠቃው? ፕራይቬት ብናስገባውስ ለምትሉም፣ እዛም አለ፣ መልኩ ነው የሚቀየረው፣ የሰርቪስ መኪና ውስጥ ይሆናል፣ በስልክና በምሳ እቃ ይሆናል፣ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ ጋ በጽሁፍ አስገብተሽ አንድ ወር ምንም ካላደረጉ፣ ወይም የአካል ጉዳት ከደረሰ፣ ያኔ ቀይሪ፣ ሽንፈት አይደለም። ስትቀይሪ ግን ቀድሞ የሚያውቀው ልጅ ያለበት ትምህርት ቤት ፈልጊ።

የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ልጁ ለቀልድም ይሁን «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ዓይነት ነገር ካለ፣ ራሱን መጉዳት ከጀመረ፣ እንቅልፍና ምግብ እርግፍ ካደረገ፣ የሁለት ሳምንቱን ደብተር ተይውና የስነ አዕምሮ ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው፣ ብቻውንም አትተይው። አማኑኤል የአዕምሮ ሆስፒታል ሄደ ማለት አበደ ማለት አይደለም፣ ይሄን ጎረቤት ምን ይላል እያልን ስንት ጊዜ አባክነናል። ልብሱን ማስወለቅ፣ ሀፍረተ ሥጋውን መንካት የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ የትምህርት ቤት ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፣ ሳታጥቢው በዛኑ ቀን ሆስፒታል፣ 72 ሰዓት ሳያልፍ መሰጠት ያለበት መድሃኒት ስላለ፣ ከዛ ፖሊስ ጣቢያ ሴቶችና ህጻናት ክፍል። ልጆች ናቸው ተብሎ አይታለፍም፣ በወንጀል ህጋችን 9 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ወጣት ጥፋተኛ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፣ ቅጣቱ ግን እንደ አዋቂ አይደለም፣ ትምህርትና ጠባይ ማረም ላይ ያተኩራል።

የሆድ ህመሙን ደግሞ ውሸት ነው ብለሽ እንዳትቆጪው። ጭንቀት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ እውነት ነው የሚያመው። ቤት ማስቀረት ግን ይብሳል፣ አንድ ሰኞ ከቀረ ቀጣዩ ሰኞ ሁለት እጥፍ ይከብደዋል፣ ስለዚህ «እንደሚያምህ አምናለሁ፣ እስከ በሩ አብሬህ እሄዳለሁ» ብለሽ ውሰጂው። ደብተርሽ ላይ ያመመውን ቀንም ጻፊ። ሰኞ አምሞት ቅዳሜ የማያመው ከሆነ ምክንያቱን አውቀነዋል፣ ቅዳሜ ጠዋትም ካመመው ግን ጤና ጣቢያ ወስደሽ ሰገራ አስመርምሪለት፣ ጃርዲያም ሊሆን ይችላል።